ጋራዥ ሲገባ የሚድነው መኪና

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተጠየቅሁት መፍቻ እንድይዝ ሳይሆን ጉንጬን እንዳቀርብ ነው። የጋራዡ ባለቤት ሙሴ ካራቤት የአንድ ትልቅ የአሜሪካ መኪና በር ከፍተው፣ «ግባና ጉንጭህን እዚህ ነፋስ መውጫው ላይ አድርግ» አሉኝ። ሰውየው የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልሳቀም።

ገብቼ ጉንጬን አስጠጋሁ።

«ምን ይላል?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛማ ከጉድጓድም ይወጣል! ደረቅ ነው እርጥብ? እየጨመረ ነው እየቀነሰ?»

ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ቆየሁ። «ደረቅ ነው። እየጨመረ ነው» አልኩ።

«ቱታ ስጡት» አሉና ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። የተቀጠርኩት እንዲህ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የመካኒክ እጅ በግሪስና በጋለ ብረት ደንዝዟል፣ አይታመንም፤ ጉንጭ ግን አይዋሽም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመኪናን ነፋስ በጉንጬ ነው የለካሁት። ቴርሞሜትሩን የማወጣው ለደንበኛ ለማሳየት ብቻ ነበር።

ወልዴ እባላለሁ። ከጉራጌ አገር በልጅነቴ መጥቼ እሪ በከንቱ አጎቴ ቤት አደግሁ። ከጋራዡ በፊት ፍሪጅ ጠጋኝ ነበርኩ። የፒያሳ ኬክ ቤቶችና የውቤ በረሃ ቡና ቤቶች ፍሪጅ በእኔ እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። ቢራ ሞቆበት የሚጮህ የውቤ በረሃ ሰው ያላየ፣ ጩኸት ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ማንም ደንበኛ ቢቆጣኝ አልደነግጥም ነበር።

ጋራዡ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ማዕረጋችን ቀላል ነው፤ ረዳት፣ ሁለተኛ መካኒክ፣ አንደኛ መካኒክ፣ ከሁሉም በላይ ሙሴ፤ ያኔ የውጭ አገሩን ሰው በ«አቶ» ፈንታ «ሙሴ» ነበር የምንለው። ሙሴ ካራቤት አርመን ናቸው፤ ግን አራዳ ተወልደው አራዳ ያደጉ በመሆናቸው አማርኛቸው ከእኛ ይልቅ ይወጋል። መኪና ውስጥ የሚያሞቀውንና የሚያቀዘቅዘውን መሣሪያ በአደራ የሰጡት ለእኔ ነው። አንደኛ መካኒክ የሆንኩትም በእሱ ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው፤ ጉራ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ግን በእኔ ሥራ መቀለድ አይጠግቡም ነበር። «ወልዴ፣ በአዲስ አበባ ብርድ ላይ ማቀዝቀዣ ትሠራለህ? ለዓሣስ ውኃ አትሸጥም?» ይሉኛል። እኔም፣ «እናንተ ከጊዮርጊስ አደባባይ ወዲያ አገር ያለ አይመስላችሁም። ባለ መኪናው አዋሽ ይወርዳል፣ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ምፅዋ ይወርዳል። እናንተ መውረድ የምታውቁት ወደ ቡና ቤት ነው» እላቸዋለሁ። ደግሞ መሣሪያው ያሞቃልም፤ የክረምት ጠዋት መስተዋቱ በጉም ሲሸፈን የሚገልጠው እሱ ነው።

የንጉሡ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ራሱን በራሱ የሚያዝ ዓይነት መጣ። አቤት ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ! ድሮ ባለ መኪናው ሙቅ ሲፈልግ አንዱን ዘንግ ይስባል፣ ቀዝቃዛ ሲፈልግ ሌላውን ይገፋል። አዲሱ ላይ ግን የሚፈልገውን ሙቀት አንድ ጊዜ በቁጥር ይመርጣል፤ የቀረው የመኪናው ጉዳይ ነው።

አሠራሩን እንዲህ አስቡት። ሦስት ሙቀት ለኪዎች አሉ። አንዱ ከፊት ለፊት የውጪውን አየር ይለካል፤ አንዱ ነፋሱ በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሦስተኛው ሰዎቹ የተቀመጡበትን አየር ይለካል። ይኼ ሦስተኛው ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከአንዲት ሳንቲም ከምታህል ወንፊት ጀርባ ተደብቋል። ሦስቱም የለኩትን ሬዲዮ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ዕቃ ለታጨቀበት ሳጥን ይነግራሉ። ሳጥኑ ያዛል፤ በሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚንቀሳቀሱ መዝጊያዎች ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ። ሙቁና ቀዝቃዛው በልክ ተቀላቅሎ ይወጣል።

እኔ እያንዳንዱን አካል ለየብቻው እፈትን ነበር። ሙቀት ለኪዎቹን ነቅዬ በረዶ ውኃ ውስጥ እነክርና በቴስተር እለካቸዋለሁ። የሞተሩን መሳብ ወደ መዝጊያዎቹ የሚያደርሱትን ቱቦዎች አንድ በአንድ በአፌ ስቤ፣ ምላሴ ላይ የሚጣበቀውን «ደኅና»፣ የሚያፏጨውን «ቀዳዳ» እላለሁ። ማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር የሚዞርበትን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እሞክራለሁ። ጋዙ የሚሾልክበትን በሳሙና አረፋ እፈልጋለሁ።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው የጥገና መጽሐፍ ግን የተጻፈው ባሕር አጠገብ ላለ አገር ነው። የሞተሩ መሳብ አየሩ በሳሳበት እዚህ ደጋ ላይ መጽሐፉ ከሚለው ቁጥር አይደርስም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደኅናውን ዕቃ ሁሉ ፈቶ ይጨርሳል። እኛ የአዲስ አበባውን ቁጥር ለብቻው አጥንተን ግድግዳው ላይ በኖራ ጽፈነው ነበር። ከሌላ ጋራዥ እየመጡ የሚቀዱት ሰዎች ነበሩ፤ ሙሴ አይከለክሉም፣ ግን ሲቀዱ አጠገባቸው ቆመው ያፏጩ ነበር።

ያቺን የዳሽቦርድ ወንፊት ደግሞ የምፈትናት በሲጋራ ወረቀት ነው። መሣሪያው ሲሠራ ወንፊቷ የመኪናውን አየር ቀስ ብላ ትስባለች፤ ስባ ነው የምትለካው። ስስ ወረቀት ሲያስጠጉባት ጥብቅ ብሎ ከያዘ ትተነፍሳለች ማለት ነው። ከወደቀ ታፍናለች። ይኼን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ያመጣሁት ነው።

አሁን ወደ ፊታውራሪ ዘውዴ መኪና ልምጣ።

ፊታውራሪ ግቢያቸው ከጊዮርጊስ በታች ነው። ራሱን የሚያዘው መሣሪያ ያለበትን መኪና ካመጡ ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በእሱም በጣም ይመኩ ነበር። እንግዳ ሲያሳፍሩ፣ «እየው፣ ማንም አልነካውም! ራሱ ነው የሚያስበው!» እያሉ ያሳዩ ነበር አሉ። ሹፌራቸው ጋሽ ታፈሰ ይባላል። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ጀምሮ የእሳቸውን መሪ የያዘ፣ ኮፍያው የማይጣመም፣ ጫማው ላይ አቧራ የማይታይ ሰው ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚኖረውም እዚያው ግቢ ጓሮ ባለች ቤት ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ታፈሰ መኪናውን አመጣና፣ «ወልዴ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሙቅ ላይ አድርጌው በረዶ ይነፋል። እመቤቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ብርዱ አንጀታቸው ድረስ እየገባ ነው» አለኝ። እመቤቴ የሚላቸው የፊታውራሪን ባለቤት ወይዘሮ በላይነሽን ነው።

ገባሁ፣ ጉንጬን አስጠጋሁ፣ ቁጥሩን ለወጥኩ። ሙቅ ሲሉት ሙቅ፣ ቀዝቃዛ ሲሉት ቀዝቃዛ። ሙቀት ለኪው ደኅና፣ ሳጥኑ ደኅና፣ ቱቦው ደኅና። ወረቀቷ ወንፊቷ ላይ ጥብቅ አለች። «ጋሽ ታፈሰ፣ ምንም የለበትም» አልኩት።

በማግስቱ ተመለሰ። «አሁንም ያው ነው።» እንደገና ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። አሁንም ሄዶ ተመለሰ። መኪናው የእኛን በር ሲያልፍ ይድናል፣ እነ ፊታውራሪ ግቢ ሲገባ ይታመማል። የሰፈሩ ልጆች፣ «ወልዴ፣ ይኼስ ጠበል ያስፈልገዋል» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ የዳሰስኩት መኪና እንዲህ ሲያሾፍብኝ ደሜ ይፈላል።

«ለጊዜው ለምን አትዘጋውም?» አልኩት ጋሽ ታፈሰን።

«ዘግቼው ነበር። ፊታውራሪ አዩና፣ 'ዘግቼ ልሄድ ነው እንዴ የገዛሁት?' አሉኝ። ክፈተው ብለው አስከፈቱኝ።»

ከዚያ ነገሩ ከረረ። ፊታውራሪ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ መሀል ላይ ቆሙ። ጋሽ ታፈሰ ከኋላቸው ነው።

«ካራቤት፣ መኪናው ደኅና ነው ትላለህ። ባለቤቴ ግን በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ፤ ወይ አንተ ወይ ይኼ ሹፌር። እልኸኛ ሆኖ ቁጥሩን እየነካካ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ኧረ ፊታውራሪ!» አለ ጋሽ ታፈሰ።

ሙሴ ካራቤት፣ «እኔ አልዋሽም፤ ታፈሰም የሚዋሽ ሰው አይደለም። ጥቂት ጊዜ ይስጡን» አሉ።

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እሑድም እንዲሁ ከሆነ፣ ታፈሰ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ግቢዬን ይለቃል። ጨረስኩ።»

ጋሽ ታፈሰን አየሁት። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ያዞራል፣ ያዞራል። አንጀቴን በላው። ከሁሉ የባሰኝ ደግሞ ሰውየውን ውሸታም ያስባለው የእኔው «ምንም የለበትም» መሆኑ ነው። ቃሌ እውነት ነበር፤ እውነት ሆኖ ሰው ሊያፈናቅል ነው።

ፊታውራሪ ሲሄዱ ለሙሴ፣ «እሑድ ጠዋት ግቢያቸው እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«መካኒክ ሰው ቤት አይሄድም። መኪና ነው ወደ መካኒክ የሚመጣው።»

«እዚህ ሲመጣ ይድናላ! ሲታመም ልየው እንጂ።»

ሙሴ ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡ። «ሂድ» አሉ። «ግን በዚህ ቱታ ከሄድክ በራፉ ላይ ውሻ ይለቁብሃል። አጥበህ ልበስ።»

እሑድ ጠዋት ካቻቢቴዬንና ቴስተሬን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው በጥርጣሬ አስገባኝ። ጋሽ ታፈሰ መኪናውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፀሐይ በሚመታበት በኩል አቁሞታል። ሲያየኝ ፊቱ አልበራም። ሌሊቱን አልተኛም መሰለኝ።

«እኔ የለሁም በል» አልኩት። «ሁልጊዜ እንደምታደርገው መኪናውን አዘጋጅ። ምንም ሳታስቀር።»

የኋላውን ወንበር ጠረገ። ምንጣፉን አራገፈ። ከዚያ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አደረቀ፣ ቤቱ ገብቶ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። እንደ ሕፃን ነው የያዘው። ጨርቁን ሲገልጠው ዳንቴል ነው፤ ሰፊ፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የተሠራበት፣ ስታርች ጠጥቶ የተተኮሰ፣ ከሥሩ ቀይ ሳቲን ገበር የተሰፋለት። ዳሽቦርዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አነጠፈው። ጠርዙ ወደ ፊት ወርዶ ከነፋስ መውጫውና ከመለኪያዎቹ በቀር ሁሉን አለበሰ።

«ጋሽ ታፈሰ» አልኩት፣ «ይኼ ምንድነው?»

«የእመቤቴ የእጅ ሥራ ነዋ። በቅርቡ ታመው በተኙ ጊዜ ለመኪናው ብለው የሠሩት።»

«ታዲያ እኔ አይቼው የማላውቀው ለምንድነው?»

«ጋራዥ ስመጣ አውልቄ አስቀምጠዋለሁ!» አለ እየተቆጣ። «የእመቤቴን ሥራ በእናንተ ግሪስ ላስነካው?»

ወይ ጉድ! እዚያው ቆሜ ግንባሬን መታሁ። ሰውየው በአክብሮቱ ምክንያት ነው ሊባረር የነበረው።

ሞተሩን አስነሣሁና ጠበቅሁ። ከነፋስ መውጫው ላይ ጉንጬን አስጠጋሁ፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ወንፊቷ በገበሩ ታፍናለች፤ የሰዎቹን አየር መሳብ አልቻለችም። ቀዩ ሳቲን ደግሞ የጠዋት ፀሐይ እየጠጣ ሥሩን እንደ ምድጃ አሙቆታል። ሙቀት ለኪው የሚለካው ያንን ነው። መኪናው ሰዎቹ በሙቀት ሊያልቁ ነው ብሎ ደንግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ያቀዘቅዛል።

«አገኘሁት ጋሽ ታፈሰ! ዳንቴሉ ነው!» ብዬ ነገርኩት።

ይፈነጥዛል ስል ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዴን ያዘኝ። «በሞቴ ወልዴ፣ እንዳትናገር።»

«ምን?»

«የልጄ የክርስትና እናት ናቸው። በዚያ በሽታቸው ውስጥ ሆነው የሠሩትን ሥራ፣ መኪና አበላሸ ብዬ በፊታውራሪ ፊት ላሳጣቸው? ብባረር ይሻለኛል። ሌላ ነገር በል። ቱቦ ነው በል።»

«ቱቦ ነው ብዬ ነገ ዳንቴሉ ሲነጠፍ ደግሞ ይነፋል። ያኔስ ምን ልበል?»

«እግዜር ያውቃል።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ እኔ ደኅናውን ቱቦ ታሟል አልልም። ልጆችህስ?» አልኩት። ክንዴን አልለቀቀም።

እንዲህ ስንጎታተት ወይዘሮ በላይነሽ በደረጃው ወረዱ። ነጭ ለብሰዋል፣ በዘንግ ይሄዳሉ። ፊታውራሪ ከኋላቸው ናቸው። እጅ ነሣሁ።

«መካኒኩ አንተ ነህ?» አሉኝ ወይዘሮዋ። «አገኘህልን?»

ጋሽ ታፈሰ ወደ መሬት አቀረቀረ። የውቤ በረሃን ጩኸት የለመድኩ ሰው፣ በዚያች ረጋ ባለች ድምፅ ደነገጥኩ።

«አግኝቻለሁ እመቤቴ» አልኩ። «ከመናገሬ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ ቢፈትኑልኝ።»

ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ብርዱ ሲመታቸው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከኪሴ ስሷን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸውና፣ ዳንቴሉ ላይ፣ ወንፊቷ ያለችበትን ቦታ አሳይቼ፣ «እዚህ ያስጠጓትና ይልቀቋት» አልኩ። ለቀቋት። ወረቀቷ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት ጣቴ፣ እጄን በቱታዬ ጠርጌ፣ ገለጥ አደረግሁት። «አሁን ይሞክሩ።» ወረቀቷ ወንፊቷ ላይ ጥብቅ ብላ ቀረች።

«መኪናው የሚተነፍሰው በዚህች ነው እመቤቴ» አልኩ።

ቀስ በቀስ ነፋሱ እየለዘበ፣ እየሞቀ መጣ። ሙቀቱ ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ አየሁ፤ ነጠላውን የጨበጠው እጃቸው ተፈታ።

«እኔ ነኛ ያፈንኩት?» አሉ።

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። የጋሽ ታፈሰ ዓይን ዋሽ እያለ ይለምነኛል። «አዎ፣ እመቤቴ» አልኩ።

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ሹፌራቸው ዞሩ። «ታፈሰ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«አሁን ነው የሰማሁት እመቤቴ።»

«እሱ ሊናገር ሲል ክንዱን ይዘህ የምትለምነው ከደረጃው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ዝም በል ነበር የምትለው?»

ጋሽ ታፈሰ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለእኔ ዳንቴል ብለህ ልጆችህን ሜዳ ላይ ልትበትን!» አሉ። «ማረኝ ታፈሰ። በድዬሃለሁ፣ ማረኝ።»

እኔ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ወይዘሮ ለሹፌሯ ማረኝ ስትል ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጋሽ ታፈሰ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ። ትከሻውን ይዘው ከለከሉት።

«ኪሮሼንና መቀሴን አምጡልኝ» አሉ።

መጣላቸው። እዚያው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ፊታውራሪ፣ «በላይነሽ፣ ቅዳሴው...» ሲሉ፣ «ይጠብቁ» አሏቸው። ወንፊቷ የምትመጣበትን ቦታ እኔ በጠመኔ ምልክት አደረግሁላቸው። የጽጌረዳውን መሀል ከነገበሩ ያለ ማመንታት ቆረጡት። ከዚያ ዙሪያውን በኪሮሽ እየጠለፉ ዘጉት፤ እጃቸው እንዴት ፈጣን ነበር! ሲጨርሱ ቀዳዳው ድሮም የነበረ ይመስል ነበር። መልሰን አነጠፍነው። ወረቀቷን ራሳቸው አስጠጓት። ያዘች።

ፊታውራሪ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ያን ቃል አፋቸው አልለመደውም። ግን ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡት ሰው፣ ባለቤታቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ ኋላ ካዛወሩ በኋላ፣ የፊተኛውን በር ከፍተው ከጋሽ ታፈሰ ጎን ተቀመጡ። መስኮቱንም አወረዱ። በፒያሳ በኩል ዞሮ እንዲሄድ አዘዙት። አራዳ ሁሉ እያየ ሹፌርና ጌታ ጎን ለጎን ሆነው አለፉ። ጋሽ ታፈሰ እዚያ ግቢ እስኪያረጅ ድረስ ሠራ፤ ልጆቹም ያደጉት እዚያው ነው።

ሰኞ ለሙሴ ካራቤት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ከዛሬ ጀምሮ መኪና ሲመጣ ሹፌሩ ምንም እንዳያወልቅ ንገሩት፤ ምንጣፉም፣ ልብሱም፣ የተንጠለጠለውም እንዳለ ይምጣ» ብለው አዘዙ። እኔም በኋላ ሥር ሥሬ ሆነው ለተማሩት ሁሉ ይህንኑ አልኩ።

መኪና የሚፈተሸው በሚውልበት ሁኔታ ነው። ምንም አላገኘሁም ያለ መካኒክ፣ ሰው ከመወቀሱ በፊት መኪናው ወደሚያድርበት ቤት ሄዶ ይየው።